ስልሳ አራት ነጥብ ሦስት

ባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሪ ሊያሰፋ ሱቄ የመጣ ቀን ወገቡን ለካሁና «ሰማንያ ሁለት» ብዬ ደብተሬ ላይ ልጽፍ ስል አስቆመኝ። «ሰማንያ ሁለት ነው ወይስ ሰማንያ ሁለት ነጥብ ዜሮ?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ሰማንያ ሁለት ብቻ ካልሽ፣ ግማሽ ሴንቲ ወዲህም ወዲያም ሊሆን ይችላል ማለትሽ ነው። ነጥብ ዜሮ ካልሽ ግን ሚሊ ሜትሯን ጭምር አይቻለሁ ብለሽ መመስከርሽ ነው» አለ። «ወንድሜ፣ ምሳ ሲበላ ለሚሰፋ ወገብ ምን ብዬ ልመስክር?» አልኩት። ያኔ ሳቀ። በስድስተኛው ወር ተጋባን።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተማረ። ተማሪዎቹ «ነጥብ» ይሉት ነበር። እንደሚሉት ያውቃል፤ ደስም ይለዋል። አትክልት ቤት ሄዶ «አንድ ኪሎ ቲማቲም» ሲል ባለሱቁ ቀድሞ፣ «መምህር፣ ቲማቲም ነው፣ ወርቅ አይደለም፤ ነጥቡን ይተዉት» ይለዋል። ሰዓት ሲጠየቅም «አራት ሰዓት ገደማ» ማለት አይሆንለትም፤ አራት ከሃያ ሦስት ነው። ገደማ የሚባል ነገር አይወድም።

አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ሄዶ ላደርስለት ቤተ ሙከራው ገብቼ ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ። ቢሬት የሚሉት መስመር የተሰመረበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ በእጁ ይዞ ነበር። «መሣሪያው እስከዚህ መስመር ድረስ ያውቃል» ይላቸዋል። «ከመስመሩ በኋላ አንዲት አሃዝ በዓይናችሁ ትገምታላችሁ። እሷም የእናንተ ናት። ከእሷ ቀጥሎ የምትደረድሩት ሁሉ ውሸት ነው፤ ማሽኑ አስር አሃዝ አወጣ ብላችሁ አስሩን ብትገለብጡ አታላዮች ናችሁ። ደግሞ አንድ ንባብ ንባብ አይደለም። ሦስቴ አንብቡ።» ምሳውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ቀን የኮራሁበትን ያህል ኮርቼበት አላውቅም።

ፈተና ሲያርምም እንደዚያው ነበር። «ሁለተኛ ሳየው የፊተኛው ምልክት እጄን እንዳይመራው» እያለ ተማሪው ወረቀት ላይ ቀይ አያሰፍርም፤ ነጥቡን ለብቻው ወረቀት ላይ ይዘረዝራል። የሚሰጠውም በሙሉ ቁጥር ብቻ አይደለም። አንዱ ተማሪ «ግራም» ማለት ቢረሳ ዜሮ ነጥብ ሦስት ይቀነስበታል፤ ያልለካውን አሃዝ የደረደረ ዜሮ ነጥብ አምስት ይቀነስበታል። እኔ ስሰፋ ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ፤ ሰው ይወፍራል፣ ጨርቅ ይሸበሸባል፣ መቀስም ይስታል። ባሌ ግን ትርፍ የሚባል አይተውም ነበር።

እኛ አልወለድንም። የእህቱ ልጅ ግን ግማሽ ዕድሜዋን እኛ ቤት ነው ያደገችው፤ እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለነበረች በፈረቃ ትሠራለች፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እኛ ትመጣለች። ገና በልጅነቷ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶችን መስኮቱ ላይ በቁመታቸው ደርድራ፣ አጎቷን «የት ጋ ነው የሚያምህ?» እያለች ታክመው ነበር። እሱም ሁልጊዜ ጉልበቱን ነበር የሚያመው። አድጋም ሐሳቧ አልተለወጠም፤ ፋርማሲ ልታጠና ቆርጣ ነበር። የጤና ኮሌጁ ደግሞ በኬሚስትሪ ከሃምሳ በታች ያመጣን ሰው ማመልከቻ እንኳ አይቀበልም። የትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ክፍል ኬሚስትሪ አስተማሪ ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም አጎቷ ነው።

የመጨረሻ ፈተናዋን ያረመበት ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። እሱ ጠረጴዛው ላይ አርባ ሁለቱን ወረቀት አርሞ እየደመረ ነው። የእሷ ላይ ሲደርስ ደምሮ ደገመ፣ ደግሞም ደመረ። ፈተናው ከመቶ ሠላሳ ነው፤ ስልሳ አራት ነጥብ ሦስት አምጥታለች። ወደ መቶ ቀየረው። «አርባ ዘጠኝ ነጥብ አራት ስድስት» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። መዝገብ ቤት የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው።

«በቃ አርባ ዘጠኝ ተኩል ነው፤ ተኩል ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሃምሳ ነዋ!» አልኩት።

«ሁለት ጊዜ ማጠጋጋት ሌብነት ነው» አለ። «አንድ ጊዜ ነው የሚጠጋጋው። ይሄ ወደ አርባ ዘጠኝ ነው የሚሄደው።»

«የእህትህ ልጅ እኮ ናት!»

«እሱማ ነው ችግሩ። ለሌላው ያላደረግሁትን ለእሷ ላድርግ?»

እርሳሱ ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ነበር። አይቻለሁ። አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ እላለሁ፤ እሱን ብቻ ሳይሆን ራሴንም የምወቅሰው በዚህ ነው። እኔ ግን፣ እሱ የተማረ ሰው ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ የመኪናዬን ፔዳል መርገጥ ጀመርኩ። እሱም አርባ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ቤት ጠርቶ አልነገራትም፤ ለሌሎቹ አልነገርኩም አለ። ሰኞ እንደማንኛውም ተማሪ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

እናቷ ማታውኑ በሬን በርግዳ ገባች። «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ሲያንቅስ በምን ይዋጣል?» ብላ ወንድሟ ላይ ጮኸች። እከስሃለሁም አለችው። እሱ የልጅቷን ወረቀትና የነጥብ ዝርዝሩን ለማስረጃ ብሎ ትምህርት ቤት ባለው መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው። እሷም አልከሰሰችም። ልጅቷ በዓመቱ ደግማ መፈተን ትችል ነበር፤ ግን በዚያው ሰሞን እናቷ ወገቧን ታማ ከሥራ ቀረች፣ ቤቱን የምትይዘው ልጅቷ ሆነች። ቀለም መሸጫ ሱቅ ተቀጠረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ወንድምና እህት ታረቁ፤ ዕርቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ልጅቷም ስትመጣ ትስመዋለች፣ ትጠይቀዋለች፤ ነገር ግን «አጎቴ» ማለቱን ትታ «መምህር» ትለው ጀመር። ያቺን ቃል በሰማ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ጡረታ ወጣና የመሳቢያዎቹን ወረቀት በሦስት ካርቶን አምጥቶ ሳሎኔን ሞላው። የማያስፈልገውን እየለየሁ ሳለ የእሷ ፈተና እጄ ገባ። ወረቀቱን ወደ እሱ ዘርግቼ፣ «ይሄ ነው እንግዲህ ቤታችንን ያቀዘቀዘው» አልኩት።

በንዴት ጆሮው ድረስ ቀላ። «ልክ ነበርኩ» አለ። «ልክ እንደነበርኩ አሁን አሳይሻለሁ። እንደገና አርመዋለሁ።»

«ታዲያ እንደምታስተምረው አድርገው» አልኩት። «ሦስቴ አንብበው።»

ዝርዝሩን ነጥቄ ጨርቅ ማስቀመጫዬ ውስጥ ደበቅሁበት። ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ የማረሚያ መመሪያው አለ። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንድ ጊዜ ሊያርም ተስማማን፤ ውጤቱንም ለኔ ይሰጠኛል፣ አያስቀረውም። እኔ መቼም ያው የኮራሁበት ሰው ስለሆነ፣ ስልሳ አራት ነጥብ ሦስት ሦስቴ ደጋግሞ ሲመጣ አየሁ ማለት ነው ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ሰኞ ስልሳ ስድስት ነጥብ አንድ ሰጣት። በሁለተኛው ስልሳ ሁለት ነጥብ ስምንት። በሦስተኛው ስልሳ አምስት ነጥብ አራት። ሦስቱን ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ለማለፍ ስልሳ አራት ነጥብ ሦስት አምስት ይበቃት ነበር፣ ወደ መቶ ሲቀየር አርባ ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ወደ ሃምሳ ይጠጋልና፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያሳልፏታል።

መነጽሩን አወለቀ። «አምስተኛው ጥያቄ ላይ አብራራ ይላል» አለ። «አንዴ ሐሳቡ ገብቷታል ብዬ ሰባት ሰጠሁ። አንዴ ተንዛዝታለች ብዬ አራት ተኩል ሰጠሁ። ያው ወረቀት፣ ያው እኔ።» ከዚያ የድሮውን ቁጥር በጣቱ እየነካ፣ «ከዚህ ውስጥ በእርግጥ የማውቀው ስድስቷን ብቻ ነበር። አራቷ ግምት ናት። ሦስቷ ውሸት ናት» አለ።

እኔም ዝርዝሩን ገለጥኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዜሮ ነጥብ አምስት ቀንሶባታል፤ ምክንያቱ አጠገቡ ተጽፏል፦ ያልለካችውን አሃዝ ጽፋለች። የወደቀችው በአምስት መቶኛ ነጥብ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያመው ብዬ ነው ያነበብኩት። አመመው። ይሄ ሰው አልቅሶ አያውቅም፤ ያን ቀን እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። «የለካሁ መስሎኝ እኮ ነው» ይላል። «ለካ ስገምት ነው የኖርኩት።»

በማግስቱ ወደ ቀለም መሸጫው ሄድን። አሁን ሱቁን በኃላፊነት የምትመራው እሷ ናት፤ ሁለት ልጆችም አሏት። አንድ ደንበኛ የግድግዳ ቀለም አዝዞ ይጠብቃል፤ እሷ ነጭ ቀለም ባልዲ ላይ በመርፌ ቱቦ ቢጫ እየጨመረች በዱላ ታማስላለች። «መምህር፣ በደህና ነው?» አለች። ባንኮኒው ላይ አራቱን የነጥብ ዝርዝር ደረደረላት። «ያኔ በድዬሻለሁ። አንቺ ልትወድቂ አይገባም ነበር። ወድቃለች ለማለት የሚያበቃ ነገር እጄ ላይ አልነበረም» አላት።

እጇን በጨርቅ ጠርጋ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ፤ ትስመዋለች ብዬም ተስፋ አደረግሁ። እሷ አንዱንም አላደረገችም።

«አርባ ሁለት ነበርን» አለች። «አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ ያገኘነው ስንት ነበርን?»

«ከአንቺ ጋር አምስት።»

«የአራቱንስ ደገሙት?»

«የእነሱን አላስቀመጥኩም» አለ ባሌ። «ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ያቃጥለዋል።»

«ጓደኛዬ ነበረች አንዷ» አለች። «አጎቷ አስተማሪ አይደለም።» ከዚያ ድምጿን ሳትለውጥ፣ «ስለመጡ አመሰግናለሁ» ብላ ደንበኛዋ ወደሚጠብቀው ባልዲ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ስም ይጽፋል። በሠላሳ አንድ ዓመት ካስተማራቸው ውስጥ ለጥቂት የወደቁትን ልጆች ያስታውሳል፤ አንዳንዱን በስሙ፣ አንዳንዱን «ከኋላ የሚቀመጠው ግራኙ» እያለ። እስካሁን ሃያ ስድስት ደርሷል። ትናንት ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ባገኛቸው ምን እላቸዋለሁ?» አለኝ።

«ለእሷ ያልካትን በላቸው» አልኩት።

«የእነሱ እኮ ተቃጥሏል፤ በየትኛው ወረቀት?» አለ።