ልደታ ላይ ስለ ጓሳ ማልን

የምሠራው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለ ፎቅ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ያከራያል፤ እኔ ሻይና ውሃ አቀርባለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ ሥራው ተስማምቶኛል። ስኒ አስቀምጦ መውጣት ነው።

ባለፈው ዓመት ግን የተወለድኩበት አገር ተራራ ጉዳይ እዚያው አዳራሽ መጣ። ቀይ ቀበሮውንና ምንጮቹን ለመጠበቅ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ከመንግሥት ሰዎችና ከኛ አገር ሽማግሌዎች ጋር ሊስማሙ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴ ነው። አብነት ሰፈር የተከራየኋት ክፍል አደረና ጠዋት አብረን በእግር መጣን። መንገድ ላይ ጭንቀቱን ነገረኝ። ጓሳ የምንለው ሣር የቤታችን ክዳን ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲደርስ ሽማግሌዎች በቆረጡት ቀን ይከፈትና ሁሉም ያጭዳል። እንግዶቹ ለዘለዓለም ከዘጉት ቤቱ በምን ይከደናል?

ስብሰባው ላይ ይህንኑ ተናገረ። አስተርጓሚው ሲጨርስ፣ እሷም ተራራማ አገር የተወለደች አንዲት እንግዳ ሳቅ ብላ፣ የነሱም መንደር የግጦሽ መሬቱን እንዲሁ እየዘጋ እንደሚከፍት አስረዳች። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ረገበ። ከሰዓት በኋላ የመክፈቻው ቀን ስምምነቱ ውስጥ ገባ። ቀኑን የሚቆርጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ ቀበሮዋ የምትወልድበትን ጊዜ ይነግሯቸዋል።

ፈርሙ ሲባል አባቴ አልተነሣም። በኛ አገር ጓሳ የሚዘጋው በመሐላ ነው፤ በቦታው የተገኘ ሁሉ ይምላል።

«እናንተም ማሉ» አላቸው።

እንግዶቹ ተያዩ። ያቺ ሴት ቀድማ ተነሣች። ሌሎቹም ተከትለው እጃቸውን አነሡና፣ አማርኛው እየተሰባበረባቸው፣ «ብከዳ ጓሳው ይክዳኝ» አሉ። እኔ ትሪዬን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

«ያቺስ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ሻዩን አጠጥታ ከመሐላው ልታመልጥ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ትሪውን መሬት አስቀምጬ እጄን አነሣሁና መሐላውን ለራሴ ያህል አልኩት።

አባቴ ጆሮውን ወደኔ አዘነበለ። «አልሰማሁም፣ ልጄ። ጓሳው ሩቅ ነው።»

ደገምኩት። ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ለራሴም ተሰማኝ። ያኔ አባቴ ነጠላውን አስተካክሎ ሊፈርም ተነሣ።