ጤነኛ ሴቶችን ፍለጋ

በስድሳዎቹ መጀመሪያ አንኮበር የሄድኩት ጤነኛ ሴቶችን ፍለጋ ነው። የጡት ነቀርሳን በእንጭጩ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ማግኘት ይቻል እንደሆነ የማጠና ተመራማሪ ነበርኩ። ፕሮፌሰሮቼ «የባላገር ሴት ጡቷን አታሳይሽም» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ አይሆንም ሲሉኝ ይብስብኛል።

ማሳየቱስ አላስቸገረም። ያስቸገረው ሳይታመሙ ክሊኒክ መምጣቱ ነው፤ በሽታን መጥራት ይመስላቸዋል። ስለዚህ በአንኮበሯ ጎረቤላ ከተማ ክሊኒክ በር ላይ እያንዳንዷ አንድ በሽታ ፈጥራ ትገባለች፤ አንዷ ወገቤን ትላለች፣ ሌላዋ ምች መታኝ። እኔም የውሸቱን ወገብ አሽቼ ወደ ሥራዬ እዞራለሁ።

የአንድ ቄስ ባለቤት ሳል ይዞኛል ብለው መጡ። ሳሉን እንኳ አላወቁበትም፤ ሳቄ መጣ። ከዚያ ግራ ጡታቸው ውስጥ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር ጣቴ ላይ ቆመች። ሳቄ ጠፋ።

«እሷንማ አታመኝም ልጄ፤ ተያት» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሳታምም ነው መውጣት ያለባት። አዲስ አበባ ይዤዎት ልሂድ።»

በማግስቱ ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኹብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ሚስቴ ላይ አታሟርቺ! ካመማት ጠበል አለላት።»

ነደደኝ። «ጠበሉን ይጠመቁ፣ ማን ከለከለ? ግን እስኪያማቸው ከጠበቁ ሐኪም አይደርስላቸውም። ደግሞ አባ፣ ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አግብቶ አይቀድስም። ያሉዎት እኚህ ብቻ ናቸው!»

 ቄሱ ግን «አትሄድም» ብለው ገቡ።

በገበያው ቀን ወደ አዲስ አበባ እህል የሚያመላልስ መኪና ጋቢና ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ ለምኜ ለቄሱ ባለቤት መልእክት ላክኩ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ተከናንበው ብቻቸውን መጡ። ሞተሩ ሲነሳ ቄሱ እየሮጡ ደረሱ።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው?»

«ማንም» አሉ ሴትዮዋ በሩን እየዘጉ። «እርስዎ እስኪፈቅዱ እኔ አልተርፍም።»

 እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ፈርቼ ነበር። እብጠቷ ምንም ባትሆን አንኮበር ዳግመኛ አንዲት ሴት አታስነካኝም።

ነቀርሳ ነበረች። ገና አልተሰራጨችም፤ ጡታቸው ተቆርጦ ዳኑ።

ፕሮፌሰሮቼ «አንዲት ሴት ማስረጃ አትሆንም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ፍለጋውን ቀጠልኩ። ያቺን አንዲት ሴት ግን ቄሱ አልቀበሯትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ቄሱን የቀበሩት ሴትዮዋ ናቸው።