ጠመንጃን ከምግብ ቤቴ ያስወጣሁበት ብልሃት

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። አናጢነቱን ሌላ ሰው ሲሠራ ቆሜ በማየት፣ የኤሌክትሪኩን ሥራ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነዝሮኝ ተማርኩት። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ አሶሳ ስንወርድ የበርታን ቋንቋ በአንድ ክረምት ጨረስኩ፤ አብረውኝ የመጡት ገበያ ላይ በጣታቸው እየጠቆሙ ጨው ሲገዙ እኔ ቆሜ እከራከር ነበር። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም። የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ምግብ ቤት አለኝ። ገበያው አጠገብ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ የቆመበት ቤት የእኔ ነው። ወንበሩን እኔ ሠራሁት፣ ጣሪያውን እኔ መታሁት፣ ግድግዳውን እኔ ቀባሁት። ወጡን ግን እኔ አልሠራም፤ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሰው ወደ ቤቴ የሚመጣው ወጥ ሠሪዬ በአጥንት ለምትሠራው የባሚያ ወጥ ነው። በማሽላ ገንፎ ታቀርበዋለች፤ የበላው ሰው በማግስቱ ጓደኛውን ይዞ ይመለሳል።

ወጥ ሠሪዬ በክፉው የግጭት ጊዜ ከድባጤ በኩል ሸሽታ የመጣች፣ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ከቁመቷ ያጠረ ሴት ናት። ስለዚያ ጊዜ እኔ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ለሰው ሁሉ «አንተ» ትላለች። ለእኔም አንተ፣ ለቀበሌው ሊቀመንበርም አንተ፣ ሽንኩርት ለምታመጣላት ሴትዮም አንተ። አላርማትም። በዚህ ዕድሜዬ «አንተ» የሚለኝ ሌላ ማን ቀረ?

ጣጣው የመጣው ከሚሊሻዎቹ ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሲጠብቁን የሚውሉ ናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ አምስት ሆነው፣ ክላሻቸውን እንዳነገቱ ይገባሉ። አንዱ ጭኑ ላይ ያጋድመዋል፣ አንዱ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል፣ አንዱ ከወንበሩ ጀርባ ያንጠለጥለዋል። አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ የሚያውቀው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ከተማው ከዚያ ክፉ ጊዜ ወዲህ ለምዶታል። አውቶቡስ ውስጥ ለሻንጣ ቦታ እንደሚለቀቅ ለጠመንጃም ይለቀቃል። ባንክ ቤት በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ምግብ ቤት በር ላይ ያለው የእጅ መታጠቢያ ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ ከሚሊሻዎቹ አንዱ የውሃ ጆግ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ ክርኑ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ክላሽ ገፋው። ክላሹ ወንበር መትቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አልተኮሰም። ድምፁ ግን ለሁላችንም በቃን። ሁልጊዜ ጥጉ ላይ የሚቀመጥ፣ ከመሃል አገር የተመደበ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረ፤ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ፣ ጠብታ ሳያፈስ፣ ጠረጴዛው ሥር ተገኘ። እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። ደንግጦ ደርቆ ነው የሚሉ አሉ። ሁኔታውን እያጠናሁ ነበር።

ቀጥሎ ከጓዳ ሌላ ድምፅ መጣ። ወጥ ሠሪዬ ሙሉውን ድስት ከእጇ ጥላው ነበር። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በባሚያ ተነክሮ ወጣች፤ ሚሊሻዎቹን አላየቻቸውም፣ እኔን ብቻ አየች።

«አባባ፣ ለእኔ በቃ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጠመንጃ ቤት ውስጥ። እስከ ቅዳሜ አያለሁ። ቅዳሜ ጠመንጃ አለ? እኔ የለም።»

«የት ልትሄጂ?»

በአገጯ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ምግብ ቤት አሳየችኝ። የማዶው ሰውዬ ሦስት ጊዜ እንዳስጠራት አውቃለሁ። ሁሉን ነገር ራሴን አስተምሬያለሁ፤ ባሚያንም ሞክሬ ነበር። እንደ ሙጫ እየተሳበ ከማንኪያው ወደ ድስቱ ተመለሰብኝ። እሷ ከሄደች ቤቱ ጣሪያና ወንበር ብቻ ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ በሳንቃ ላይ በቀይ ቀለም «ጠመንጃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩ። በአሶሳ በተሰቀለ ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ስህተት አግኝቻለሁ፤ በዚህኛው ላይ አንድም አልነበረም። አምስቱ መጡና ቆሙ። ኃላፊያቸው በርታ ነው፤ ረጅም፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው። ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሀጂ፣ ይቺን ማን ጻፋት?» አለኝ። መካን በዓይኔ አላየሁም፤ ሀጂ ሲለኝ ግን ደስ ይለኛል።

«እኔ።»

«ወላሂ? በገዛ እጅዎ?»

«ያለ ማስመሪያ።»

«እኛ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዲህ የሚጽፍ አጥተን እንቸገራለን!» ወደ ጓዶቹ ዞረ። «አንተ፣ እስቲ የ‹ክ›ን አንገት እየው!»

አምስቱም የ«ክ»ን አንገት አዩ። ብሩሹ ከየት ተነስቶ የት ማረፍ እንዳለበት ገለጽኩላቸው። አንዱ እንደገና ጠየቀኝ፤ እንደገና ገለጽኩለት። እየገለጽኩ በሩን ይዤላቸው ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም ከነጠመንጃቸው ገብተው ተቀመጡ። ሻዩም በእኔ ነበር። ወጥ ሠሪዬ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየችን። የእንጨት ማማሰያዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማማሰያው የራሷ ነው፤ ከድባጤ ይዛው የመጣችው እሱን ብቻ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን የሚያድረው ቤቴ ነበር።

ረቡዕ ሙሉ ቀን የጠመንጃ ማስቀመጫ ስሠራ ዋልኩ። የአሶሳ ሸመል ቆርጬ፣ አንድ ምስማር ሳልነካ በጠፍር አስሬ፣ አሥራ ሁለት ክላሽ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ነገር አወጣሁ። ሐሙስ ኃላፊው እንደመጣ እጁን አሳለፈበት፣ ነቀነቀው፣ አልተነቃነቀለትም።

«ሥራ ማለት ይሄ ነው» አለ። «ግን ሀጂ፣ ይህን መሣሪያ ፈርሜ ነው የተቀበልኩት። ከእጄ ወጥቶ ከተገኘ አለቀልኝ። ሚስቴ እንኳ አትነካውም።»

«እኔ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።»

«አይቆጡኝና፣ እርስዎ የምግብ ቤት ሰው ነዎት።»

ገብቶ በላ። እኔ በሰፈራው ጊዜ መንደር ስጠብቅ እሱ ገና አልተወለደም ወይም ይድህ ነበር፤ ይህን ልነግረው ስል ዝናብ መጣ። መምህሩ እየሮጠ ገባና ጃንጥላውን ማስቀመጫዬ ላይ ሰቀለ። ምሳ ሰዓት ሳያልፍ አራት ጃንጥላ ሆነ። በክልሉ ውስጥ ከዚያ የተሻለ የጃንጥላ ማስቀመጫ እንደሌለ እርግጠኛ ነኝ። ወጥ ሠሪዬ ጃንጥላዎቹን ቆጠረችና «ሁለት ቀን» አለችኝ።

አርብ መስጊድ ሄድኩ። ሰግጄ ስወጣ አንድ ጫማዬን እንዳጠለቅሁ ቀጥ አልኩ። ደረጃው ላይ፣ ከጫማዎቹ መሃል፣ ከአምስቱ ሚሊሻዎች አንዱ አምስት ክላሽ አጠገቡ ደርድሮ ተቀምጧል። አራቱ ሰግደው ሲወጡ እሱ ሊገባ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስገባ ስወጣ ሰደፍ ተራምጄ አልፌያለሁ! ኃላፊው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ደረስኩበት።

«ልጄ፣ ክላሽህ የታል?»

«ያውልዎ፣ ጓዴ ጋ።»

«ከእጄ አይወጣም ብለኸኝ አልነበር?»

«ጓዴ እጄ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ጓድህ ምን ይሆናል? እግርህ?»

ክሩን መሳብ ተወ። «ሀጂ፣ ይሄ እኮ ሶላት ነው። ምሳ ከሶላት እኩል ነው?»

«አይደለም። እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። አላህ ፊት ስትቀርብ ያስቀመጥከውን፣ ባሚያ ፊት ስትቀርብ ታነግተዋለህ።»

ጓዶቹ ሳቁ። እሱ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል አየሁት። «እሺ ጠባቂውስ? እኛ ስንበላ እሱ ምራቁን ሊውጥ ነው?»

«ጠባቂው ቀድሞ ይበላል። ማንጎው ሥር፣ ጥላ ላይ። መቅኔ ያለው አጥንት የእሱ ነው።»

«መቅኔ?»

«መቅኔ።»

«ኸላስ፣ ጨረስን» አለና መዳፌን መታ አደረገኝ።

ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ቤቱ ገና ሳይረፍድ ሞላ። ወጥ ሠሪዬ መጣች፤ ቦርሳዋን አልከፈተችም። በእኔ ማንኪያ ነው ስታማስል የነበረው። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አምስቱ በሰዓታቸው ግቢው ውስጥ ገቡ፤ እንደተስማማነው ማንጎው ሥር ቆሙ። ከዚያ መጨቃጨቅ ጀመሩ።

«የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

«ትናንት መስጊድ ጠብቀህ የለም እንዴ?»

«እኮ፣ ልምድ ያለኝ ለዚህ ነው።»

«ሆዴን የሚያመኝ እኔ ነኝ፣ ጥላ ላይ መቀመጥ ያለብኝ።»

«ሆዱን የሚያመው ሰው መቅኔ ምን ያደርግለታል?»

መስማማት ሲያቅታቸው አምስቱም ተቀመጡ። አምስቱም ክላሻቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ሁላችሁም ጠባቂ ከሆናችሁ የምትጠብቁት ማንን ነው?» አልኳቸው።

«እርስ በርሳችንን፣ ሀጂ» አለኝ ኃላፊው፣ ፈርጠም ብሎ። «አምስት አጥንት።»

ያኔ ነው የጓዳዬ መስኮት ወደ ማንጎው እንደሚከፈት ያየሁት። መስኮቱንም እኔ ነበርኩ የሠራሁት። ቤት ውስጥ ሲቀመጡ በእነሱና በወጥ ሠሪዬ መካከል ግድግዳ ነበረ፤ አሁን አምስት አፈሙዝ በቀጥታ ድስቷን ያያል። ሐሳቤ ትክክል ነበር፤ ያለቦታው የበቀለው ማንጎው ነው። መስኮቱ ተዘጋ። ሽርጧን ስትፈታ በጓዳው በር በኩል ታየችኝ።

ቦርሳዋን በትከሻዋ፣ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ምግብ አዳራሹ መሃል ቆመች። በየጠረጴዛው ሥር፣ በየግድግዳው አየች። ቤት ውስጥ ጠመንጃ የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ አጥንት የማን ነው አልክ?»

«የጠባቂው።»

«አንተ ሞኝ ነህ» አለችኝ፣ መምህሩ እየሰማ።

ወደ ማንጎው ሄደች። አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር፤ የድስቱ ክዳን ግን ይንቀጫቀጭ ነበር። ከበሩ ሆኜ ይሰማኛል።

«አጥንት ቤት ውስጥ ነው» አለቻቸው። «ባዶ እጅ የመጣ ይበላል። ጠመንጃ የያዘ፣ ባሚያ ብቻ።»

ዞራ ተመለሰች። አምስቱ ተያዩ። ቢስሚላህ ለማለት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደባቸውም፤ አራት ክላሽ ኃላፊው ፊት ተጋደመ፣ አራት ሰው እጅ መታጠቢያው ጋ ተሰለፈ። ኃላፊው ቀረ። ኃላፊ ሆኖ ለአጥንት አይሮጥም።

አራቱ ሲገቡ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። አንደኛው ማንገቻውን ፍለጋ ትከሻውን ሦስት ጊዜ ዳሰሰ። መምህሩ ከጥጉ ተነስቶ፣ ወንበሩን ጎትቶ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀላቀለ። «ሰሞኑን በጠረጴዛ ሥር እንጂ በላይ አልተያየንም» አላቸው፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወጥ ሠሪዬ አጥንት ታድላለች፣ አጥንት ሳህን ላይ ይንኳኳል።

ኃላፊው ማንጎው ሥር ብቻውን ነው። በአንድ እጁ ጠመንጃ ይዞ፣ በአንድ እጁ እኔ ያቀረብኩለትን ባሚያ በገንፎ ይጠቀልላል። ሳቁን እንዳልሰማ ሆኖ ወደ አጥሩ ይመለከታል። ወጥ ሠሪዬ መስኮቱን ከፈተችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ምን እያሰበች እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ የመጨረሻውን አጥንት፣ ትልቁን፣ ሳህን ላይ አድርጋ ወጣች። አሁን በሦስት እርምጃ ርቀት ቆመች። ሳህኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ» አለችው። «ያን አስቀምጥ። ና፣ ብላ።»

ኃላፊው ጠመንጃውን አየ። ወደ ቤት ውስጥ አየ፤ የአራቱም አፍ ሥራ ላይ ነው። ሳህኑን አየ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ሀጂ፣ አንዴ ይቁሙልኝ።»

ሄጄ ቆምኩ። ክላሹን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ ባዶ እጁን ሦስት እርምጃ ተራመደ። ወጥ ሠሪዬ ወደ ኋላ አላለችም። አጥንቱን መዳፉ ላይ ኳኳ አደረገ፣ መቅኔው ወጣ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ቆማ ጨርሶ እስኪበላ ጠበቀችው። ከዚያ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ስትመለስ አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች።

«አባባ፣ ነገ አጥንት ጨምር» አለችኝ። «አምስት ሰው ጨረሰው።»

እሺ አልኳት፤ ዓይኔን ከአምስቱ ክላሽ ላይ ሳላነሳ።