የልጄ መኪና ፊቷ ለምን እንደቀለለ

ሐሙስ ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። በእኛ ከተማ በሆሳዕና ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ለደግ ነገር አይመጣም። ገና መቀነቴን ሳልታጠቅ «ደሳለኝ ነው?» አልኳቸው... አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

ልጄ ከዶዮገና አለፍ ብሎ፣ ወደ ሺንሺቾ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

እኔ የተማርኩት ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ደሳለኝ የመኪና ፍቅር ነበረበት። ከጣሊያን መጽሔት የቀደዳቸውን የእሽቅድምድም መኪኖች ሥዕል በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ የዚህኛው ሞተር ከፊት ነው፣ የዚያኛው መሐል ነው፣ መሐል ሲሆን ክብደቱ ለአራቱም ጎማ ይዳረሳል... እያለ ያስረዳኝ ነበር። የራሱ መኪና አሮጌ ነበረች፣ ሞተሯም ከኋላ። እሷን አሰናድቶ አዲስ አበባ ሊወዳደር፣ ጃንሆይም ሊያዩት... ሐሳቡ ይኸው ነበር። የኋላ ወንበሯን እንኳ ነቅሎ ጣለው።

«ምነው፣ እንግዳ ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?» አልኩት።

«እማዬ፣ እንግዳም ክብደት ነው። መኪናን የሚገድላት ክብደት ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ከትምህርቱ ሁሉ የገባችኝ ይህች ቃል ብቻ ናት። እሷን ያዝኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሺንሺቾ ያገባችውን እህቱን ሊጠይቅ ተነሣ። አራስ ነበረችና ቆጮና ቅቤ አሰናዳሁላት። እሱ ፊቱን ሲታጠብ እኔ ልጭን ሄድኩ። በዚያች መኪና ዕቃ የሚገባው ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው። ስከፍተው ሁለት ጆንያ አሸዋ ተጋድሟል። ክብደት ይገድላታል የሚል ልጅ ይህን ተሸክሞ ይዞራል? ከግንበኞች የተረፈ መስሎኝ እየጎተትኩ አውጥቼ አጥሩ ጥግ ጣልኩት። ያገዝኩት መስሎኝ ነበር። ቆጮውን በቦታው ላኖር ስል ደግሞ ቤንዚን ሸተተኝ። ቤንዚን የሸተተው ቆጮ ለአራስ ይሰጣል? ወስጄ ወንበሩ ከተነቀለበት፣ ከኋላ ጫንኩት። አሸዋውን አልመለስኩም።

«ቆጮሽ ከእኔ ይከብዳል» ብሎ ሳቀ፣ ሳመኝ፣ ሄደ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ይከራከሩ ጀመር። የአውቶቡስ ሾፌሩ አቶ ሎምቤቦ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» አሉ። መካኒኩ ኑሪ፣ የልጄ ጓደኛ፣ መኪናዋን ከገደል ያወጣት እሱ ነበር።

«ፍሬኗን አይቼዋለሁ ጋሼ፣ ደህና ነው» አለ። «ፊቷ ቀሎ ነው። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ጠጠር ላይ መሪ አትሰማም፣ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ቂጧ ይቀድማታል። ለዚሁ ብለን እኮ ሁለት ጆንያ አሸዋ ከፊት አድርገንላት ነበር። ኮፈኗን ከፍቼ ባይ... የለም!»

«አህያም ሸክሟ ወደ ኋላ ከሸሸ የፊት እግሯ መሬት አይቆነጥጥም» አሉ አቶ ሎምቤቦ። «ታዲያ ማን አወጣው?»

«ማን ያወጣዋል፣ ራሱ ነዋ! ቀለል ብላ እንድትበርለት» አለ ኑሪ።

«አይ እብሪት! አይ ልጅነት!» አሉ ወንዶቹ።

እኔ እዚያው ሴቶቹ መሐል ተቀምጫለሁ። ልናገር ብዬ ተነሣሁ... መልሼ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ልቅሶ አድክሟት ነው ብለው ውሃ አጠጡኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከተማውን ዞረ። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች ፈጥኖ የሚነዳ ሰው ሲያዩ «እንደ ደሳለኝ ሊሆን ነው?» ይባባሉ ጀመር። አንድ እሑድ ሰባኪያችን ስሙን ሳይጠሩ ትዕቢት ስለገደለው ወጣት ሰበኩ። ጉባኤው ሁሉ እኔን ላለማየት አንገቱን ደፋ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

በወሩ ኑሪ ጋራዥ ሄጄ «አሸዋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እማማ፣ በሁለት ጆንያ አሸዋ ሰው አይሞትም» አለኝ።

«ለቅሶው ላይ እንደዚያ አላልክም።»

«ለቅሶ ላይ ሰው ያገኘውን ያወራል...»

«ቆጮውንም ከኋላ የጫንኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ጊዜ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። «ይህን ለማንም እንዳይናገሩ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላ መልስ አላስፈለገኝም።

ኑሪ ለእኔ አዝኖ ነው። ግን እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ጥፋቴን የሚሸከመው አፈር ውስጥ ያለው ነው። እንቅልፍም ጸሎትም እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእናንተ ጻፍኩ። ልጄ እብሪተኛ አልነበረም። ጥንቃቄውን እሱ አስገባ፤ እኔ እናቱ ጎትቼ አወጣሁ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ አውቃለሁ። ከእናንተ መሐል የሚጸልይ ካለ ግን ደሳለኝ ብሎ ስሙን ይጥራልኝ።

ለእኔ መጸለዩን አቆዩት... መጀመሪያ ለእሱ።