ከመኪናው ላይ የወደቀ ስም

ጂማ አጠገብ ሰርቦ ላይ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች በሕፃናት ስም ላይ ፈራጆች ነበሩ። በመጋዘኑ ሲሚንቶ ላይ ጆንያ አንጥፈው ይደረደራሉ፤ እጃቸው ጥቁሩንና የነቀዘውን ፍሬ ከደህናው ይለያል፣ አፋቸው የአገሩን ልጆች ስም ያበጥራል። ዘመኑም የስም ዘመን ነበር። አብዮት፣ ትግሉ፣ ዘመቻ፣ ኅብረት። ሸቤ ላይ አንዱ ገበሬ እህሉን አስረክቦ በገባበት ቀን ሴት ልጅ ተወለደችለትና «ኮታ» አላት ተብሎ ስንት ቀን ተሳቀ። «እሷንስ ስታድግ ማን ሊረከባት ነው?» አለች አንዷ። ሌላ እናት ደግሞ በሴት ላይ ሴት ስትወልድ መሯት የመጨረሻዋን «በቃሽ» ብላታለች፤ ልጅቱም ቆሎ በተሰጣት ቁጥር በቃሽ ስትባል መጠራቷ ይሁን መከልከሏ አልገባ ብሏት ታለቅሳለች ይባል ነበር።

ተስፋነሽ ከዚህ ሳቅ ውስጥ አልነበረችበትም። ሆዷ ገፍቶ፣ አንገቷን ደፍታ ትለቅማለች። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሯን እንኳ የምታንጎራጉረው ከንፈሯን ሳታላቅቅ ነው።

እሷና ባሏ ኤርሲዶ ከሆሳዕና በኩል ለቡና ለቀማ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ገና በሆዷ ሳለ አልዓዛር ብለውት ነበር፤ ከመቃብር የተነሣው ሰው ስም ነው፣ ይበረታል ብለው። አልዓዛር ሳያለቅስ ተወለደ። የሚያስነሣውም አልመጣም። ኤርሲዶ በገዛ እጁ ቀብሮት ሲመለስ፣ ቀድመን በመጥራታችን ለሞት አሳየነው አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስም የሚባል ነገር ፈራ። ይህ ሁለተኛው ሲረገዝ ግን አንድ ቀን ፊቱ በርቶ መጣ።

«ስም አግኝቼለታለሁ» አላት። «አልነግርሽም ግን። ሲወለድ መጀመሪያ የሚሰማው የእሱ ጆሮ ነው።»

እሷ ትለምነዋለች፣ እሱ ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ እንደ ጆንያ አፍ በመርፌ የሰፋው ያስመስላል። እንዲህ እየተሳሳቁ ወራቱ ገፋ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲሰበሰብ፣ ኤርሲዶን ከመጋዘኑ ደጅ ጆንያ እንደ ተሸከመ ወሰዱት። ጆንያውን ያወረደለት እንኳ ሌላ ሰው ነው። ተስፋነሽ ተከራይታ ከምትኖርበት ግቢም ሸኩር ተወሰደ፤ የባለቤቲቱ የእማማ ለጢፋ አንድ ልጅ። እማማ ለጢፋ የሰርቦ ነባር፣ አማርኛቸው በኦሮምኛ የተለሰነ፣ ስለ ዝናብ ሲያወሩ እንኳ «ወላሂ» ሳይሉ የማያልፉ ሴት ናቸው።

መኪኖቹ የወጡ ዕለት ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ዳር ቆሙ። ልጆቹን በሸራ ሸፍነዋቸዋል፤ የሚታየው የእጅ ጫካ ብቻ ነበር፣ የማን እጅ እንደ ሆነ የማይለይ። ድምፅ ማጉያው የሰልፍ ዘፈን ይዘፍናል፤ የሴቶች ማኅበር ታዝዞ እልል ይላል። ኤርሲዶና ሸኩር የተጫኑበት መኪና ሲያልፍ ከሸራው ሥር አንድ ድምፅ ወጣ። «ነጋ» አለ፤ ጭራውን ሞተሩ ዋጠው። ከዚያ አቧራ፣ ከአቧራውም በኋላ ባዶ መንገድ።

ተስፋነሽ እዚያው ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ ሣቀች። ስሙን ነገረኝ አለች። ልጁ ሳይወለድ መኪናው ቀደመውና ስሙን ጣለልኝ።

ልጁ ተወለደ፤ አለቀሰ፤ ወንድ ነው። ያኔ የለቃሚዎቹ ሸንጎ ተቀመጠ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ብርሃንነሽ ነጋን ወደደችው፤ የጨቋኞች ሌሊት አለፈ ማለት ነው ብላ ንግግር ልታደርግ ዳዳት። አንዷ የሽማግሌ ስም ነው፣ ሕፃን እንዴት ከዘራ ይዞ ይወለዳል አለች። የሸቤዋ ሶረቲ ግን ፍሬዋን ከእጇ አራገፈች።

«እናንተ ሰዎች፣ ይሄ እኮ በኛ ቋንቋ ስንብት ነው። ነጋ ሰላም ነው። ‹ነጋቲ› ደግሞ ደህና ሁኑ። ሰውየው መንገደኛ ነው፣ ምን ሊል ኖሯል?»

ተስፋነሽ ቀለሟ ተለወጠ። የሃድያ ሰው ሚስቱን በኦሮምኛ የሚሰናበተው ስለ ምን ነው አለች። ከዚያ አብረዋት ወደ መጡት እማማ ለጢፋ ዞረች፤ መንገድ ዳር ከጎኗ የነበሩት፣ እጇን የያዙት እሳቸው ናቸውና።

«እማማ፣ እርስዎ ሰምተዋል። ምን አለ?»

እማማ ለጢፋ ሕፃኑን አዩት። 

«ነጋ ነው ያለው» አሉ። «ስም ነው የጠራው።»

ወላሂ አላሉም። ያን ጊዜ ግን ማንም ልብ አላለም። ተስፋነሽ ጎንበስ ብላ በሕፃኑ ጆሮ ነጋ አለችው፣ አባቱ ሊለው እንደ ነበረው፣ በትንፋሽ።

ከዚያ ወዲያ ያ ስም ምግቧ ሆነ። ስታጥበው ነጋ፣ ስታስተኛው ነጋ፤ ጎረቤት ይህን ያህል የምትጠራው ምን ፈልጋ ነው እስኪል። በጠራችው ቁጥር የኤርሲዶ ድምፅ ከአቧራው ውስጥ ይመለስላት ነበር። ሌላ ከእሱ የመጣ ነገር አልነበራትም። ደብዳቤ የለ፣ ሰው የለ። ቡናው በየጊዜው ይቀላል፣ ይለቀማል፣ ይጫናል፤ እሷም ስትለቅም ለራሷ የገጠመችውን ታንጎራጉራለች።

ቡናስ ይመለሳል በየዓመቱ ቀልቶ፣
ሰው እንዴት ይቀራል አንዴ ከቤት ወጥቶ።

በሰማንያ ሁለት ሸኩር ተመለሰ። አንድ እግሩን ሰሜን ትቶ፣ በክራንች ተደግፎ። እማማ ለጢፋ አልሐምዱሊላህ እያሉ መሬቱን ሳሙ። ተስፋነሽ ከበሯ ላይ ቆማ፣ ከሸኩር ኋላ ሌላ ሰው ይመጣ እንደ ሆነ መንገዱን አየች። አልመጣም። ሸኩር አንገቱን ሲደፋ ገባት። አብረን ነበርን አላት፤ አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ልቅሶ ተቀመጠች። የመጋዘኑ ሴቶች መጡ፣ ቡና ሳይሆን ዝምታ ለቀሙ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ልጁ እየሮጠ ገብቶ የሸኩርን ክራንች ነካካ። ሸኩር ስሙን ጠየቀው። ነጋ አለ ልጁ።

«አባቱ ያወጣለት ነው» አለች ተስፋነሽ፣ በጠወለገ ኩራት። «ስትሄዱ ከመኪናው ላይ ጮኾ የነገረኝ። አንተም ከጎኑ ነበርክ።»

ሸኩር ግራ ገባው። እማማ ለጢፋ ከማዶ ሆነው «ጨሊሲ» አሉት፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ነገር ግን ጂማና አካባቢዋ ላይ ይህን ቃል የማያውቅ የለም፤ ተስፋነሽም ሰማች።

«ለምን ዝም ይላል? ይንገረኝ እንጂ።»

«ኤርሲዶ አልጮኸም፣ እህቴ» አለ ሸኩር። «እኔ ነኝ። እማዬን ነጋቲ አልኳት። እሱማ ከንፈሩን በጣቱ ይዞ ነበር። ኋላም ጠይቄዋለሁ፤ በልጄ ጆሮ ነው የምነግረው ይለኛል፣ ይስቃል። እስከ መጨረሻው አልነገረኝም።»

 ተስፋነሽ ወደ እማማ ለጢፋ ዞረች፣ ያን ጊዜ በለቃሚዎቹ መሀል እንደ ዞረችው።

«ያውቁ ነበር?»

«የልጄን ድምፅ?» አሉ እማማ ለጢፋ። እጃቸው ሻሻቸውን ያዘ። «የኔው ነበር፣ ልጄ። አንቺ ምንም አልነበረሽም። ላንቺ ይሁን አልኩ።»

ተስፋነሽ አልተቆጣችም። ቢቀናት መቆጣት በወደደች። አንዲት እናት የልጇን ስንብት፣ ምናልባት የመጨረሻውን፣ አውጥታ ሰጥታታለች፤ ይህን ያህል ስጦታ ማን ይሰጣል? ግን ተውሰው የለበሱት ልብስ ባለቤቱ ሲመጣ እንደሚወልቀው፣ ስሙ ከላይዋ ወለቀ። የኤርሲዶ ቃል ሰሜን ነው፣ ከአፈር ሥር፣ በተሰፋ አፍ ውስጥ። ወንድ ልጁን ምን ሊለው እንደ ነበር ከእንግዲህ የሚነግራት በምድር ላይ የለም።

ስም ለቀምኩኝ ብዬ ከመኪና አቧራ፣
የሰው ስንብት ኖሯል ዘመኔን ስጠራ።

ይህን ስትል የሰማቻት ሶረቲ ናት፤ መጋዘን ውስጥ፣ ሳታዜም፣ እንደ ወሬ አለችው ብላለች።

ሸኩር በነገራት ዕለት ማምሻ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ልጁ ግቢው ጥግ፣ ከተሰጣው ቡና አጠገብ ይጫወታል። ተስፋነሽ እንደ ልማዷ ልትጠራው በሩ ላይ ቆመች። አፏን ከፈተች። ነጋ ብትል ደህና ሁን ማለቷ ነው፤ ሌላ ብትል ሌላ የላትም። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ልጁ ቀና ብሎ አያት፣ ጠበቃት።

«ና» አለችው።

ከዚያ ወዲህም የምትጠራው በ«ና» ብቻ ነው። ሰፈሩ ስሙን አሳጥራ ስታቆላምጥ ይመስለዋል።