ያልመጣው መርዶ

ወይዘሮ ወለተጻድቅ የቀራንዮ ሰው ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። በማለዳ በር ሲንኳኳ ግን ለመክፈት ይፈራሉ። ልጃቸው ባምላኩ ከሊቢያ ደውሎ «እማዬ፣ ነገ ባሕር እንገባለን፤ ጸልዪልኝ» ካለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። መርዶ ደግሞ በአገራችን በማለዳ ነው የሚነገረው።

ጎረቤት «ከሞተማ የጠፋ ይሻላል፤ ተስፋ አለው» እያለ ያጽናናቸዋል። ይህን የሚል ሰው ልጅ ጠፍቶበት አያውቅም። ድንኳን አይጣል፣ ተዝካር አይወጣ! የባምላኩ ጃኬት እስከ ዛሬ ሚስማሩ ላይ ነው። እሳቸው አንዳንዴ ቦታ የቀየረ ይመስላቸዋል።

ይህን የሚናገሩት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ቤቴል፣ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ክፍል፣ ልጆቻቸው በስደት መንገድ የጠፉባቸው እናቶች ይሰበሰባሉ። የምታስተባብራቸው ጨርቅ ነጋዴዋ አልፊያ ናት፤ የእሷም ልጅ በየመን በኩል እንደወጣች ቀርታለች። እዚያ ማንም «ተስፋ አትቁረጪ» አይልም። ከስብሰባው የቀረች ሴት ካለች ግን ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ።

አንድ ሰሞን ወይዘሮ ወለተጻድቅን ጉንፋን ጣላቸውና ቀሩ፤ ስልካቸውም አልነሳ አለ። ሴቶቹ ሱቅ ሳንከፍት እንድረስላቸው ተባብለው ገና ሳይነጋጋ መጡ። ብርድ ነበርና ነጠላና ሻርፕ ተከናንበዋል፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ ብለውም ድምፃቸውን አጥፍተዋል። ሁሉም በየቤታቸው ያንኑ ማለዳ ሲፈሩ የኖሩ ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ በሩን ከፍተው አዩዋቸው። «ልጄን!» ብለው መሬት ወደቁ። ደረታቸውን እየደቁ፣ ስሙን እየጠሩ አለቀሱ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ወጣ።

«ኧረ እትዬ፣ ምንም የለም! ወላሂ ምንም አልሰማንም፤ ቢቀሩብን ልንጠይቅዎት መጥተን ነው!» አለች አልፊያ እያነሳቻቸው።

ጎረቤቱ ፈጣሪውን አመስግኖ ተመለሰ። ሴቶቹም ይቅርታ እየጠየቁ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ አልፊያን እጇን ይዘው አስቀሯት።

«ልንገርሽ፤ ስጮህ ቀለለኝ። ዐረፍኩ። የከፋኝ ‹ምንም የለም› ስትዪኝ ነው። እናት እንዲህ ትላለች?»

አልፊያ ወደ ውስጥ ገብታ ሚስማሩ ላይ ያለውን ጃኬት አየች።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ «ሲያለቅሱ አይቼ ቀናሁብዎት።»