ወንዝ የከዳው ገበያ

ነገሩ በጠቅላላው የአውሮፕላን ትኬት፣ የጥምቀት ሰሞን ገበያና አንድ ጊዜ ብቻ የለበስኩትን ካፖርት አስከፍሎኛል።

ሽሮ ሜዳ ክር፣ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። በረንዳዬን የሚጋሩኝ አንድ አዛውንት ሸማኔ ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ምሳችንን ከአንድ ሳህን በልተናል። የታክሲ መቆሚያው ወደ ታች ሲወርድ ገዢውም አብሮ ወረደ። ልከተል ወይስ ልቀመጥ? መወሰን አቃተኝና ርካሽ የጥጥ ክር አለ ወደተባለበት አገር ሄድኩ። ሰው ሲጨንቀው ጠበል ይሄዳል፤ እኔ ኡዝቤኪስታን።

መንደሯ ሲር ዳሪያ የሚባል ወንዝ ዳር ናት። አስተርጓሚዬ ድሮ እዚያ አገር የተማረ፣ አሁን ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ፋርማሲ ያለው ጓደኛዬ ነበር። ክሩ ለፋብሪካ ማሽን የተፈተለ፣ የእኛ ሸማኔ እጅ የማይወደው ሆኖ ተገኘ። ጉዳያችን በመጀመሪያው ጠዋት አለቀ። የክሩ ባለቤት፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው፣ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም ብለው ከመንደሩ ወጣ ያለ የአፈር ጉብታ ላይ ይዘውን ወጡ። ከእግራችን ሥር አረንጓዴ የሸክላ ስባሪ ይንኮሻኮሻል።

"ከተማ ነበር" አሉ። "ድሮ፣ በነገሥታቱ ዘመን፣ ሲራራ ነጋዴ ከምሥራቅም ከምዕራብም ይገባበት ነበር። ወንዙ በዚህ ሥር ነበር የሚያልፈው። ኋላ መንገዱን ቀየረ።"

"ነጋዴዎቹስ?" አልኩ።

"ይመለሳል ብለው ጠበቁት።"

"እስከ መቼ?"

ሰውየው በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ጓደኛዬ ከመተርጎሙ በፊት ሳቀ፤ "እስካሁን እዚሁ ናቸው ይሉሃል።"

እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ። የሰውየው የዶሮ ቤት ከዚያ ከተማ በተለቀመ ጡብ ነው የተሠራው። አንዱ ጡብ ከአንድ ብልህ ነጋዴ ሱቅ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ደንበኞቼ ያውቁኛል እያለ የተቀመጠ ሰው።

ስመለስ ሱቄን ወደ ታች አወረድኩ። ለሸማኔው የወንዙን ነገር አጫወትኳቸውና፣ "አባባ፣ እርስዎም ይምጡ፤ ከጎኔ ቦታ ይዤልዎታለሁ" አልኳቸው።

"አንተ ወንዝ አይተህ መጣህ" አሉኝ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ። "የእኔ ገዢ ቁስቋም ማርያምን ሊሳለም ወደ ላይ የሚወጣው ነው። ማርያምም መቆሚያ ቀየረች እንዴ?"

እዚያ ጉብታ ላይ ስለ ታቦት የነገረኝ የለም።

ሁለት ዓመት ሆነ። እኔ ኪራዬን እየከፈልኩ ነው። እሳቸውም አልከሰሩም። ምሳ ለየብቻችን እንበላለን።